ዱካው የተጠረገበት ጠዋት

ሽማግሌው መጀመሪያ ያገኙኝ ቆቦ መናኸሪያ አጠገብ የአንድ ፀጉር ቤት ሰሌዳ ስቀባ ነው። መሰላሉ ሥር ቆመው ፊደሎቹን አንድ በአንድ ሲያዩ ቆዩና እንግሊዝኛውንም የጻፍኩት እኔው እንደሆንኩ ጠየቁኝ። አዎ አልኳቸው። ማን አስተማረህ አሉ። ማንም እንዳላስተማረኝ፣ ከአሮጌ መጻሕፍትና ከስልኬ እንደለቃቀምኩት ነገርኳቸው። ይህን ሲሰሙ ደስ አላቸው። ከዚህ በፊት የተማሩ አስተርጓሚዎች ሞክረው ነበር፤ አንደኛው ጫካ መሃል ሳይቀር ሲያወራ ስለነበር አሰናብተውታል።

«ማውራቱን እንደምትችል አየሁ። ዝም ማለትስ ትችላለህ?» አሉኝ።

እችላለሁ ብዬ ዋሸሁ።

ሥራው ይህ ነበር። ከሮቢት በስተምሥራቅ አስፋልቱን ትቶ ለረጅም ሰዓት በእግር የሚኬድበት አንድ መንደር አለ። መኪና የሚደርሰው በበጋ ብቻ፣ በደረቁ ወንዝ አሸዋ ላይ ነው። ከመንደሩ በላይ ግራርና ቁልቋል የለበሰ፣ ጀርባው ወደ አፋር ሜዳ የሚወርድ ተራራ ይገኛል፤ በዚያ ተራራ ላይ አጋዘን አለ። ሽማግሌው የተራራው ጠባቂዎች አለቃ ናቸው። አልፎ አልፎ የሚመጡ የውጭ አገር እንግዶችን ይዘው ይወጣሉ፤ እኔ ደግሞ ከኋላ እየተከተልኩ የሚሉትን እንዳስተረጉም ነው የፈለጉኝ።

እውነቱን ለመናገር ስለ ቱሪስት የነበረኝ ሐሳብ ጥሩ አልነበረም። ያደግኩት በአስፋልቱ ላይ ወደ ሰሜን የሚከንፉ ነጭ ላንድክሩዘሮችን እያየሁ ነው። መስኮታቸው አይከፈትም። ቆቦ ለእነሱ ነዳጅ የሚቀዱባት ከተማ ናት። አንድ ሰው መጥቶ እንስሳ ፎቶ አንስቶ ሲሄድ ለእንስሳውም ለተራራውም ምን ይፈይዳል እል ነበር። እንደዚያ የማሰብ መብት ያለኝ ይመስለኝ ነበር፤ ግጥም ስለምጽፍ።

አያ፣ ሽማግሌውን ሁላችንም የምንጠራቸው እንዲህ ነው፣ በወጣትነታቸው አዳኝ ነበሩ። ወንዱን አጋዘን፣ ያን ቀንዱ እንደ ገመድ የተጠማዘዘውን፣ ለመጨረሻ ጊዜ የገደሉት ራሳቸው እንደሆኑ ሳይደብቁ ይናገራሉ። የመጨረሻው መሆኑን ግን ያኔ አላወቁም። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ተራራው ላይ ዱካ ጠፋ። አንድ ክረምት ሲያልፍ፣ ከሾላው ዛፍ ሥር ካለው ምንጭ ዳር፣ ጭቃው ላይ የሴት አጋዘን ኮቴ አዩ። ወደ ቤታቸው ተመልሰው ለሁለት ሳምንት ለሚስታቸው እንኳን አልነገሩም። ቢናገሩ አንዱ ይገድላታል ብለው ፈሩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ መንደሩን ሰብስበው፣ ተራራው ይከለል አሉ።

ይከለል ማለት ፍየል አይገባበትም፣ እንጨት አይቆረጥበትም ማለት ነው። ሣሩ ታጭዶ በሸክም ይወርድና ለየቤቱ ይከፋፈላል። ሼኹና ቄሱ ባሉበት፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም እጁን ዘርግቶ ለሦስት ዓመት ቃል ገባ። የመጀመሪያው ዓመት ከባድ እንደነበር ሁሉም ይናገራል። በሁለተኛው ዓመት ሣሩ ከጉልበት በላይ ሆነ፤ ቀድሞ ጥር ላይ ይደርቅ የነበረው ምንጭም እስከ ሚያዝያ ወረደ። አጋዘኖቹ ከየት እንደመጡ ሳይታወቅ በዙ። ወሬው አዲስ አበባ አስጎብኚ ድርጅት ያላት አንዲት ሴት ጆሮ ደረሰና፣ መንገዱ ሰላም በነበረባቸው ወራት ሁለት ሦስት እንግዳ እየያዘች መምጣት ጀመረች። እንግዶቹ ከሚከፍሉት ለጠባቂዎቹ ደሞዝ ተቆረጠላቸው፣ የተበላሸው የውኃ ፓምፕ ተሠራ፣ ድንጋይ ላይ ይቀመጡ የነበሩት ተማሪዎች ዴስክ አገኙ። መንገዱ ሲዘጋ እንግዳው ቀረ፤ ደሞዙም አብሮ ቀረ። አምስቱ ጠባቂዎች ግን ቆሎ በኪሳቸው ይዘው ተራራውን መዞራቸውን አላቆሙም። ይህን የነገሩኝ እነሱ አይደሉም፤ ሚስቶቻቸው ናቸው፣ ያውም እየተማረሩ።

እኔ የደረስኩት ሦስቱ ዓመት ሊያልቅ ሲል ነው። ዓመቱም ድርቅ ነበር። ማሽላው በአጭሩ ቀርቶ ቢጫ ሆኗል። ታች ሜዳው ላይ ሣር የለም፤ ላይ ክልሉ ውስጥ ግን የደረቀ ሣር ከሩቅ እንደ ወርቅ ያበራል። ከመንደሩ ሁሉ ብዙ ፍየል ያላቸው አንድ ባለጸጋ ነበሩ። አጭር፣ ወፍራም፣ ነገር አዋቂ ሰው ናቸው። አያን ባገኟቸው ቁጥር የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ አላቸው።

«አያ፣ አጋዘንህ ወተቷ እንዴት ነው?»

ሰው ይስቃል። አያም አብረው ይስቃሉ። ማታ ግን ብቻቸውን ሲቀመጡ አያቸው ነበር፤ የሚስቁበት ነገር አልነበረም። የመንደሩ ሽማግሌዎች ተሰብስበው የደረሱበት ስምምነት ግልጽ ነው። አስጎብኚዋ ሁለት እንግዶች ይዛ ትመጣለች። በአንድ ጠዋት፣ በእግር፣ አጋዘን ማየት ከተቻለ ተራራውን ወደ ሰሜን በሚሄዱ እንግዶቿ ሁሉ መንገድ ውስጥ አስገባለሁ ብላለች። ካስገባች ክልሉ ይቀጥላል። እንግዶቹ ሳያዩ ከተመለሱ ግን በዚያው ቀን ከሰዓት ተራራው ለፍየል ይከፈታል። ይህን የሚታዘብላቸው ሰው ደግሞ መረጡ፤ ባለ ፍየሉን።

አያ ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸው አልተለወጠም። «አንድ ወር ቢከፈት ሦስት ዓመት ይበላል» ብቻ አሉ።

ከዚያ በፊት በነበሩት ሁለት ሳምንታት በየቀኑ ጎሕ ሲቀድ ይዘውኝ ይወጡ ነበር። ብዙ እንዳነበብኩ ነበር የማስበው። እሳቸው ግን ፊደል ሳይቆጥሩ መሬቱን እያዩ፣ ትናንት ማታ ማን እንዳለፈ፣ ስንት እንደሆኑ፣ የትኛዋ እንዳረገዘች ይነግሩኛል። ያረገዘችው የኋላ ኮቴዋ ሰፋ ብሎ ያርፋል። የፈራው ጫፉን ወደ መሬት ይወጋል። በጠጡን፣ እንደ ፍየል በጠጥ ድቡልቡል የሆነውን፣ በጣታቸው ሰብረው ያሸቱና ከየትኛው ገደል ቅጠል እንደበላ ያውቃሉ። እኔ ማስታወሻ ደብተሬን አውጥቼ ስለ ቀንዱ አንድ ስንኝ ስፈልግ እሳቸው ሦስት ገደል አልፈው ይሄዳሉ። አጋዘን ግን ብዙ ጊዜ አላየንም፤ የምናየው ጆሮ ወይም የሚወዛወዝ ቅርንጫፍ ነው። ጎሕ ሳይቀድ ምንጩ ላይ ይጠጡና፣ ከምንጩ ከሚነሱት አምስት ሸለቆዎች በአንዱ ወጥተው ጥላ ይገባሉ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ፀሐዩ ሲጠነክር ከተኙበት አይነሱም፤ ያኔ ማየት አይቻልም። ስለዚህ በየትኛው ሸለቆ እንደሄዱ ከዱካቸው ማወቅ ግድ ነው። አምስቱንም ለመዞር ሙሉ ቀን አይበቃም።

እንግዶቹ ሊመጡ ሲሉ አያ ለመንደሩ ትእዛዝ ሰጡ። ውሻ ሁሉ ይታሰር። ፍየል ከወንዙ ወዲህ አይሻገር። እንግዳ መጣ ተብሎ ከበሮ አይመታ፣ እልልታ አይኑር። ነጭ የለበሰ ወደ ተራራው አይጠጋ። ሁሉንም ያሰቡ መሰላቸው፤ እኔም መስሎኝ ነበር።

በዚያ ጠዋት አምስቱም ጠባቂዎችና እኔ እንግዳ ለመቀበል ወንዙ ዳር ወርደን ነበር። መኪናው አሸዋው ላይ እየዋለለ ደረሰ። አስጎብኚዋ ጎልማሳ ሴት ናት፤ ሰፊ ባርኔጣ አድርጋ፣ ጫማዋ ብዙ አቧራ ያየ። እንግዶቹ በዕድሜ የገፉ ባልና ሚስት ነበሩ። ባለ ፍየሉም በትራቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው መጡ። ሰላምታ ተለዋወጥንና ወደ ምንጩ ወጣን። አያ ከፊት ነበሩ።

የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ቆሙ። ቀጥሎ የሆነውን ለመረዳት እኔም ጥቂት ጊዜ ወሰደብኝ። መንገዱ ተጠርጓል። ከዚያ እስከ ምንጩ፣ ምንጩን ዙሪያውን፣ ከዚያም በአምስቱም ሸለቆዎች ጥቂት ጥቂት ወደ ላይ፣ ተራራው እንደ ሰርግ ቤት ግቢ ንጹሕ ሆኗል። አንዲት ቅጠል፣ አንዲት በጠጥ፣ አንድ ኮቴ የለም። አቧራው እንዳይነሳም ውኃ ተርከፍክፎበታል። ከሾላው ሥር ሰባት ሴቶች የክትክታ መጥረጊያቸውን እንደያዙ፣ ላባቸውን እየጠረጉ፣ ምስጋና የሚጠብቅ ሰው ፊት ይዘው ቆመዋል።

አያ መሬቱን አዩ፣ ሴቶቹን አዩ፣ እንደገና መሬቱን አዩ።

«ይህን ማን ጠረገው?» አሉ ቀስ ብለው።

የሴቶቹ መሪ ረጅም፣ ባሏ የሞተባት እናት ናት፤ መንደሩ ውስጥ ድግስ ሲኖር ሥራ የምታከፋፍለው እሷ ናት። «እኛ ነን እንጂ ሌላ ማን ይጠርጋል?» አለች። «ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ በበጠጥ ላይ ይራመድ እንዴ አያ? በእመቤቴ፣ እንዲህ ያለ ቆሻሻ መንገድ አይቼ አላውቅም። ሦስት ዓመት ያልተጠረገ!»

ባለ ፍየሉ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «አያ አብሽር፣ ቢያንስ ለፍየሎቼ አጸዱላቸው» አሉ።

አያ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ተቆጥተው ቢሆን ይሻል ነበር። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው የተጠረገውን መሬት ብቻ ያያሉ። ሴቶቹ አንድ ነገር እንደተበላሸ ገባቸውና መጥረጊያቸውን ወደ ኋላቸው ደበቁ። አስጎብኚዋ ሰዓቷን አየች። እንግዶቹ ወደ እኔ ዞረው ምን እንደሆነ ጠየቁኝ።

የሚያስዋሽ ነገር ነበር። እኔ ግን እውነቱን ነገርኳቸው፤ ሴቶቹ ለእናንተ ክብር ብለው መንገዱን ጠርገዋል፣ ስለዚህ ዱካው ጠፍቷል አልኩ። እንግዳዋ ሴት መንገዱን ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ከልቧ፣ ጫማችንን ማውለቅ አለብን ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ይህን ስተረጉም ሴቶቹ ሳቁ፤ መጀመሪያ አንዷ፣ ከዚያ ሰባቱም። አያ ቀና ያሉት ያኔ ነው። ዓይናቸው ያረፈው ግን ሴቶቹ ላይ አልነበረም፤ ከኋላቸው በተደረደሩት ቅርጫቶች ላይ ነበር።

«ቅርጫቱ ውስጥ ያለው ምንድነው?»

«በጠጡ ነዋ» አለች መሪዋ። «ለጓሮዬ እወስደዋለሁ። ይህም ክልክል ነው?»

«አልተቀላቀለም?»

«ምን ብሎ ይቀላቀላል? ሁሉም የጠረገውን በየቅርጫቱ ነው። እሷ እኮ የኔን ጓሮ አታበቅልም» ብላ አጠገቧ ያለችውን ጠቆመች።

አያ ተነሡ። ከዚያ በኋላ ያየሁትን እስከ ዛሬ ሳስታውስ እደነቃለሁ። ከቅርጫት ቅርጫት እየተንበረከኩ ሄዱ። ከእያንዳንዱ ከላይም ከሥርም አንድ አንድ በጠጥ እያወጡ ሰበሩ፣ አሸተቱ፣ በመዳፋቸው አሹ። የየቅርጫቱን ባለቤት እንደ ዳኛ ጠየቁ። የትኛውን ሸለቆ ጠረግሽ? በጠጡ አቧራ ላይ ነበር ወይስ ሣር ላይ? ስትነኪው ይቀዘቅዝ ነበር? ሴቶቹ መጀመሪያ አፈሩ፤ ከዚያ ግን እርስ በርስ እየተራረሙ መልስ ሰጡ። ያልጠበቅኩት ነገር፣ ሁሉም ያስታውሱ ነበር። አንዷ፣ የኔው ደረቅና ነጭ ነበር አለች። ሌላዋ፣ እኔ ጋ ሁለት ትልልቅ ኮቴ ከአንድ ትንሽ ጋር አይቻለሁ፣ ግን ወደ ታች የወረደ ነው አለች። ሦስት ሸለቆዎች በዚህ ከግምት ወጡ። ሁለት ቀሩ፤ በሁለቱም ቅርጫት ውስጥ ያለው እርጥብ ነው።

አያ በሁለቱ መካከል ቆመው ሲያስቡ፣ የግራውን ሸለቆ የጠረገችው ወጣት ሙሽራ፣ ከሁሉም ዝምተኛዋ፣ ወደ መሪዋ ጆሮ ጠጋ ብላ አንሾካሾከች። መሪዋ ራስሽ ንገሪያቸው ብላ ወደ ፊት ገፋቻት።

«አያ፣ ውሻ ይታሰር ብለው አልነበር?» አለች ሙሽራዋ ዓይኗን ሳታነሣ። «አንድ ውሻ አልታሰረም። እኔ ስጠርግ ከላይ ከገደሉ ሁለቴ ጮኸ። የማን እንደሆነ ግን አላውቅም፤ ሰው እንዳላጣላ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

«እንዴት ነው የጮኸው?»

ሻሿን አፏ ላይ አድርጋ ጎርነን ያለ፣ የተቆረጠ ድምፅ አወጣች። አያ ፈገግ አሉ። በዚያ ጠዋት ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ሲሉ ያየኋቸው ያኔ ነው።

«ማሻአላህ» አሉ። «ያ ውሻ አይደለም ልጄ። ወንዱ አጋዘን ነው። ሰው ሲያይ እንዲያ ነው የሚጮኸው። አንቺን አይቶሻል። በይ ምሪን።»

ሙሽራዋ እኔ? አለች። መጥረጊያዋን ለመሪዋ ሰጥታ ከፊት ሆነች። መጥረጓን ያቆመችበት ድንጋይ ጋ ስንደርስ፣ አንድ እርምጃ አልፎ፣ ኮቴዎቹ እንደገና ጀመሩ። አያ በጣታቸው ከንፈራቸውን ነክተው ሁላችንንም ዝም አሰኙን። ሁለት ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር። ወደ ላይ ስንወጣ የምሰማው የእንግዳውን ትንፋሽና ከኋላ የባለ ፍየሉን ብቻ ነው። ኮቴዎቹ ሣሩ ውስጥ ሲጠፉ አያ ይቆማሉ፣ ሙሽራዋ ድምፁን የሰማችበትን አቅጣጫ በአገጯ ታሳያለች፣ እንደገና እንሄዳለን።

ከቁልቋሎቹ ባሻገር፣ ገደሉ ጥላ በጣለበት፣ ቆመው አገኘናቸው። ሁለት ሴት አጋዘኖች፣ አንድ ግልገል፣ ከእነሱ ከፍ ብሎ ወንዱ። ጎኑ ላይ በቀጭን የኖራ መስመር የተሰመረ ይመስላል። ቀንዱ ከቅርንጫፎቹ መካከል ወጥቶ፣ ዛፉ የትኛው ቀንዱ የትኛው እንደሆነ ለመለየት ጊዜ ወሰደብኝ። አንገቱን አዙሮ አየን። አልሸሸም። ወደ እኛ እያየ ቅጠሉን ማኘክ ቀጠለ። እንግዳው ካሜራውን ይዞ ቆሟል፤ ማንሳቱን የረሳ ይመስለኛል። በኋላ አነሣ። እኔ ለስንኝ ቃል አልፈለግኩም። ያየሁትን ለማየት እንኳን ዓይኔ አልበቃኝም።

ዞር ስል ባለ ፍየሉን አየሁ። በትራቸውን ከትከሻቸው አውርደው በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ ይዘውታል። ስልሳ ዓመት ከዚህ ተራራ ሥር ኖረዋል፤ በሕይወት ያለ ወንድ አጋዘን አይተው አያውቁም። ይህን የነገሩን ከወረድን በኋላ ነው። በልጅነታቸው ያዩት አንድ ብቻ ነበር፣ በአህያ ተጭኖ፣ ጭንቅላቱ ተንጠልጥሎ። አያ ይህን ሲሰሙ አንገታቸውን ደፉ። ማን እንደጫነው ሁለቱም ያውቁ ነበር።

አስጎብኚዋ ምንጩ ዳር ስንመለስ ብዙ አላወራችም። ተራራውን መንገዷ ውስጥ እንደምታስገባ ነገረቻቸው፤ ሙሽራዋና ከሴቶቹ አንዷ ከጠባቂዎቹ ጋር እንዲሠሩም ጠየቀች። እንግዶቿን ከምንም በላይ ያስደሰታቸው ቅርጫቱ እንደነበር ተናገረች። እንግዳዋ ሴትም ከሰባቱ ከእያንዳንዷ ጋር በሁለት እጇ ተጨባበጠች። እኔ በዚያ ቀን ተርጉሜ የጨረስኩት ትንሽ ነው፤ በአብዛኛው ያለ እኔ ተግባብተዋል።

ከሰዓት በኋላ ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡ። ምስክሩ ያየውን እንዲናገር ተጠየቀ። ባለ ፍየሉ ተነሥተው ዙሪያውን አዩ። እንደሚቀልዱ ገምቼ ነበር፤ ሌሎቹም ለመሳቅ ተዘጋጅተዋል።

«አይቻለሁ» አሉ። «አራት ናቸው። አንዱ ወንድ ነው።» በትራቸውን መሬት ላይ ተከሉ። «ፍየሎቼ ይራባሉ። ይህን ማንም አይካደኝ። በዚህ ዓመት ከሣሩ የኔ ድርሻ ቀድሞ ይሰጠኝ፣ በዝናብ ጊዜ እመልሳለሁ። ግን ተራራው አይከፈት።»

ማንም አልሳቀም። ድርሻው ቀድሞ እንዲሰጣቸው ተስማሙ። ሼኹና ቄሱ ተነሡ፣ ሁላችንም እጃችንን ዘረጋን። እንደ በፊቱ ሦስት ዓመት ይሁን ብለው ሊመርቁ ሲሉ ባለ ፍየሉ እጃቸውን እንደዘረጉ አቋረጧቸው።

«አምስት በሉት» አሉ። «ግልገሉ በሦስት ዓመት ቀንዱ አይጠማዘዝም።»

አሚን ተባለ። አያ ምርቃቱ ሲያልቅ እጃቸውን ለማውረድ ዘገዩ። ከዚያ ወደ ባለ ፍየሉ ሄደው ትከሻቸውን ያዟቸው። የሚያለቅሱ መስሎኝ ዞር ልል ስል የሰማሁት ሌላ ነው።

«ነገ ጠዋት ማጭድህን ስለህ ና» አሏቸው። «ከሰሜኑ በኩል እንጀምራለን፤ እዚያ ሣሩ ወፍራም ነው። ልጆችህንም አምጣቸው፣ ሸክሙ ለአንተ ይበዛብሃል።»